ሼኹ ያለፉት በር

ግብፆች ንጉሣቸውን ካባረሩ ጥቂት ዓመታት በኋላ እኔና ባለቤቴ ቡላቅ ውስጥ፣ ከዓባይ ብዙም በማይርቅ ጠባብ መንደር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ከደሴ ካይሮ የመጣው ሸሪዓ ሊማር ነው። እኔ የመጣሁት እሱን ተከትዬ ነው። ጠዋት ኪታቡን በብብቱ ሸጉጦ በትራም ይሄዳል፤ እኔ ከሙቀቱ፣ ከውሃ ወረፋውና በነጭ ጋዝ ከሚሠራው ጯሂ ምድጃ ጋር ስሟገት እውላለሁ። ዓረብኛ የተማርኩት ቧንቧው ሥር ከሴቶቹ ጋር እየተጣላሁ ስለሆነ፣ ባለቤቴ የመጽሐፉን ቋንቋ ሲያውቅ እኔ የስድቡን አወቅኩ። ተጣልቼ ሳበቃ ባልዲዬን አንስተው የሚያሸክሙኝም እነዚያው ሴቶች ነበሩ።

ከክፍላችን ሥር ዛዊያ የሚሏት ትንሽ መስጊድ ነበረች። ኢማሟ የአገራችን ሰው፣ የወሎ ሼህ ናቸው። ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ጥምጣማቸው ከፊታቸው የሚገዝፍ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው፣ ትምህርቱ አልቆ፣ አብረዋቸው የመጡት ሁሉ አገር ገብተው ቃዲና መምህር ሲሆኑ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ለምን አገር አልገቡም ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ድስቱን ማን ያማስለዋል ይሉኛል።

ድስቱ ለሁለት ሰው የሚከብድ የመዳብ ድስት ነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በር ላይ ይወጣና የመንደሩ ድኻ ሳህኑን ይዞ ይሰለፋል፤ ከጀልባ ጭነት የሚያወርዱ ወዛደሮች፣ ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ አንድ ዓይነ ስውር ቁርአን ቀሪ፣ ከሁሉም በላይ ልጆች። አጥንቱንና ቅንጥብጣቢውን የሚሰጠው የመንደሩ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ያደረ ዳቦውን ዳቦ ጋጋሪው ይሰጣል፤ ምስሩን ሼኹ ራሳቸው ያመጣሉ። ለብዙዎቹ በሳምንት ውስጥ ሥጋ ሥጋ የሚሸት ነገር የሚቀምሱት በዚያች ቀን ብቻ ነበር።

ሼኹ የሚኩራሩት በዕውቀታቸው ሳይሆን በወጣቸው ነበር፤ ወጡን ግን አላህ ያውጣህ ነው። ከሙን ያበዛሉ፣ ጨው ይረሳሉ። እኔ ዘወር ሲሉ ጠብቄ ጨው እጨምርበታለሁ። ቀምሰው "ዛሬስ እጄ ቀንቶኛል" ይላሉ፤ ባለቤቴና እኔ እንዳንስቅ እንተያይና ፊታችንን እናዞራለን።

አንድ ልማድ ነበራቸው። በቀሩበት፣ ማለትም በተማሩበት የሸሪዓ መንገድ፣ በመዝሐባቸው፣ የባዕድ ሴት ገላ መንካት ውዱእን፣ ለሶላት የታጠቡትን ትጥበት፣ ያፈርሳል። ስለዚህ ሴት ሰላም ስትላቸው እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ነው የሚዘረጉት። ግብፃውያኑ ሴቶች ይህን ጨዋታ አድርገውት፣ ብቅ ሲሉ ገና "ነጠላው የት አለ ያ ሞላና?" እያሉ ይስቁባቸዋል፤ ሞላና ጌታችን ማለት ነው። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ነጠላውን ግን አይለቁም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እጃቸውን ራቁቱን የነካች ሴት አላየሁም።

እማማ የምንላቸው አሮጊት ወደ መንደሩ የመጡት በብርዱ ወራት ነው። የላስታ ሴት ናቸው፣ ክርስቲያን። ባላቸው ሲሞት ኢየሩሳሌምን ልሳለም ብለው ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተነሱ። ካይሮ ሲደርሱ እግራቸው ታመመና ሆስፒታል ገቡ፤ መንገደኞቹም ጉዟቸውን ቀጠሉ። ሼኹ በየሳምንቱ ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ ሊጠይቁ ወደዚያ ሆስፒታል ይሄዱ ነበርና፣ አንድ ቀን ከአንድ አልጋ ላይ "ኧረ የሰው ያለህ" የሚል አማርኛ ሰሙ። ሐኪሞቹ ሲለቋቸው ይዘዋቸው መጡ። ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጎን ባዶ የነበረችውን ክፍልም ለምነው አገኙላቸው። ልብስ ሰፊው የግብፅ ክርስቲያን፣ ቅብጥ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር።

እማማ ከዓረብኛ የሚያውቁት ማሌሽ፣ ይቅርታ ወይም ግድ የለም፣ የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር፤ ለሁሉም ነገር እሷን ይሉ ነበር፤ ለደኅና አደራችሁም፣ ለእግዜር ይስጥልኝም። በራቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ የመንደሩ ልጆች እንዝርቱን ለማየት ይከቧቸዋል። እናቶችም ገበያ ሲሄዱ ሕፃን እያመጡ ጭናቸው ላይ ያስተኙባቸዋል። ባይግባቡም ወደዷቸው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። አገራችን ያደገ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል፤ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ነው። ወሎ ውስጥ አብረን እንኖራለን፣ ተጋብተን እንዋለዳለን፤ ድግስ ሲሆን ግን ለእነሱ የራሳቸው ሰው ያርድላቸዋል፣ ለእኛም የራሳችን። ማንም ተከፍቶ አይሄድም። ግብፅ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም፤ ቅብጡም እስላሙም ከአንዱ ሥጋ ሻጭ ገዝቶ ይበላል። ቢነግሯቸው እንኳ ንቀት ይመስላቸዋል እንጂ ልማድ አይመስላቸውም።

ሼኹ ይህን በዘዴ ያዙት። የድስቱ ቀን ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ለክርስቲያን ጾም ነው። ልብስ ሰፊውም ይጾማል። ስለዚህ እኔ ለእማማ በትንሽ ድስት ምስር ለብቻ በዘይት ሠርቼ ሳደርስ ጾም ናት ይባላል እንጂ ማንም አይገርመውም ነበር። ነገሩ በዚህ ተደላድሎ አረፋ እስኪደርስ ሰላም ሆነን ቆየን።

በዚያ ዓመት አረፋ የዋለው ሐሙስ ነው። የክርስቲያኖቹም የሰኔ ጾም አልቋል፤ ጾም ናት ማለት አይቻልም። አንድ ደግ ነጋዴ ለመንደሩ ድኻ በሬ ሰጥቶ ሥጋ ሻጩ አረደው። ሥጋ ሻጩ ግዙፍ፣ ድምፀ ጎርናና፣ እጁ የማይሰስት ሰው ነው፤ በሕፃንነቱ እናቱ ታማበት የልብስ ሰፊውን እናት ጡት ጠብቶ ያደገ ስለሆነ፣ ሁለቱ እንደ ወንድማማች ነበሩ። ሼኹ ሥጋውን በሳፋ ተሸክመው፣ እንደ ልማዳቸው ራሳቸው በየበሩ እየዞሩ አደሉ። ለልብስ ሰፊው ሰጡ። ከዚያ እማማ በር ላይ ደረሱ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እንኳን አደረሰን አሏቸው፣ አልፈው የሚቀጥለውን በር አንኳኩ።

ሥጋ ሻጩ ከሱቁ ሆኖ ሲያይ ኖሮ ጮክ ብሎ "የሐበሻዋስ?" ብሎ ጠየቀ። ሼኹ መዋሸት አይችሉበትም። ደንግጠው "አላህ ይሰጣታል" አሉ። ካይሮ ውስጥ ይህ ለማኝን ሲሸኙ የሚባል ነገር ነው።

ያን ዕለት በማለዳ ለእማማ እንቁላልና አይብ በሻሽ ሸፍኜ እንዳደርስ ያደረጉኝ ሼኹ ናቸው። ያንን ማንም አላየም፤ የታለፈውን በር ግን መንደሩ ሁሉ አየ። ለምሽት ሶላት ሲሰበሰቡ ወሬው ዞሮ ጨርሷል፤ ሼኹ የገዛ አገራቸውን ድኻ ክርስቲያን ስለሆነች ነፈጓት ተባለ። ሥጋ ሻጩ ማን ይብላ፣ ማን አይብላ ብሎ ለሚመርጥ ሰው ከእንግዲህ አጥንት አልሰጥም፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ብሎ ማለ። ያጠባችኝ እናት ክርስቲያን ነበረች እያለ በየሻይ ቤቱ አወራው።

ደሜ ፈላ። ወደ ሼኹ ወርጄ አሁኑኑ ወጥቼ እውነቱን እናገራለሁ፣ እናንተ ያረዳችሁትን ሥጋ መብላት ለእሳቸው ሃይማኖት መለወጥ ነው እላቸዋለሁ አልኩ። እሳቸው ባዶውን ሳፋ እያጠቡ ነበር። አጥበው ጨርሰው አስቀመጡት።

"እኔን ቢቀየሙኝ ጥምጣሜ ያስታርቀኛል" አሉኝ። "እሳቸውን ሥጋችንን ተጸየፈች ብለው ቢቀየሟቸው በማን ይታረቃሉ? ቋንቋ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። ያላቸው ይህ መንደር ነው።"

ለመንደሩ አንድም ቃል እንዳልተነፍስ ወላሂ አስባሉኝ። እኔም ምላሴን ዋጥኩ፤ ለእኔ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚያውቀው ባለቤቴ ብቻ ነው።

የሚቀጥለው ዓርብ ድስቱ ያለ አጥንት ወጣ። ምስር በውሃ ነበር፣ ጨውም ብጨምርበት አልዳነም። በሌላው ዓርብ ዳቦ ጋጋሪውም ቀረ፤ ወረፋው ተበተነ፣ የመጡት ልጆችም ወደ ድስቱ ውስጥ አይተው ሳህናቸውን ይዘው ተመለሱ። ሼኹ የራሳቸውን ምሳ ድስቱ ውስጥ ጨምረውት እንደነበር ባለቤቴ ነገረኝ። ደግሞ ሌላ ኢማም ይፈለግ የሚል ወሬ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ መሰማት ጀመረ። ሴቶቹ ሰላም ሲሏቸው ስለ ነጠላው የሚቀልድ ጠፋ። እኔ ሌላውን ሁሉ ችዬ ያንን ግን አልቻልኩትም፤ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

እማማ ቋንቋውን ባያውቁም ፊት ማንበብ ያውቃሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ባዶ ሳህን ይዛ ጭናቸው ላይ ተደፍታ አገኘኋቸው። ሼኽዬን ምን አርገዋቸው ነው ብለው ጠየቁኝ። ሼኹ ያስማሉኝ ለመንደሩ እንዳልናገር ነው፤ ለእማማ እንዳልናገር አላስማሉኝም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረገፍኩላቸው። እስከ ዛሬም ቅንጣት አልጸጸትበትም።

እማማ አልጮሁም፣ አላዘኑም። እንዝርታቸውን አስቀምጠው የልጅቷን ጸጉር ሲዳብሱ ቆዩና፣ "እኔን ብለው ነዋ" አሉ።

ዓርብ ቀትር ሲቃረብ ከመስኮቴ ሆኜ ሳይ፣ እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳሉ። ከበራቸው ርቀው ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም። በባዶ እግሬ ደረጃውን ወርጄ ደረስኩባቸው፤ ወዴት ነው ብል ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ ቀጠሉ። ሥጋ ሻጩ ዘንድ ደርሰው ቆሙ። ከሱቁ ፊት ለሠራተኞቹ ሥጋ የሚቀቀልበት ድስት ነበረ። እማማ ድስቱን በጣታቸው አሳዩ፣ ከዚያ አፋቸውን አሳዩ።

ሥጋ ሻጩ ደስ አለው። ሼኹ የነፈጓትን እኔ ሰጠኋት ሊል ነው፤ ሰፋ ያለ ቁራጭ መርጦ፣ ዳቦ ላይ አድርጎ፣ መንደሩ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢስሚላህ ብሎ ሰጣቸው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ ወጣ፤ ዓርብ ስለሆነ ግራ ገብቶታል። እማማ ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጥተው አማተቡ። እንባቸው በሁለቱም ጉንጫቸው ይወርዳል። ምን እያደረጉ እንደሆነ ከእኔ በቀር የገባው የለም።

ሼኹ ውዱእ አድርገው፣ ክንዳቸው ገና እርጥብ፣ ጁምዓን ሊያሰግዱ ከመስጊዷ በር ቆመው ነበር። አዩን። ያ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ጫማውን ጥሎ ሮጠ። ቁራጩ ከእማማ አፍ ሊደርስ ሲል ደርሰው፣ በራቁት እጃቸው የእጃቸውን አንጓ ያዟቸው።

"በሞቴ፣ አይብሉ" አሉ።

ሰው በሞቴ ብሎ ሲያጎርስ እንጂ ሲከለክል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እማማ እጃቸውን ሊያስለቅቁ ታገሉ። "ይተዉኝ ሼኽዬ። ልጆቹ ይብሉ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ እግዜር ያውቅልኛል።"

"እግዜርማ ያውቃል" አሉ ሼኹ፣ አንጓቸውን ሳይለቁ። "እኔ ነኝ የማልችለው።"

የሼኹ ነጠላ ትከሻቸው ላይ ነው፤ እጃቸው የእማማን እጅ ይዟል። ሴቶቹ ሁሉ ያንን እጅ ያያሉ። ሥጋ ሻጩ ወደ እኔ ዞሮ ምን ማለት ነው ይህ አለኝ። መሐላዬን አሰብኩ፣ ሼኹን አየኋቸው። ሼኹ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔም ይሁንታ ነው ብዬ ወሰድኩት። ያን ጊዜ ምላሴ ተፈታ። በዚያ በተሰባበረ የቧንቧ ሥር ዓረብኛዬ ስለ አገራችን ሁለት ቢላዋ ነገርኳቸው፤ መጸየፍ እንዳይደለ፣ ይህች ሴት ቁራጯን ብትውጥ አገሯ እንደ ካደች እንደሚቆጥራት፣ የሼኹ ድስት እንዳይጎድል ብላ ይህን ልታደርግ እንደመጣች፣ ሼኹም እሷን ማንም እንዳይቀየማት ብለው ስድቡን ሁሉ እንደተሸከሙ። መሀል ላይ ማልቀስ ስለጀመርኩ ግማሹን በእጄ ነው ያስረዳሁት።

ሥጋ ሻጩ ሥጋውን ከእማማ እጅ ቀስ ብሎ ተቀበለና አስቀመጠው። ከዚያ ለሼኹ፣ "ለምን አልነገርከኝም ያ ሞላና?" አላቸው። ይህን የሚያህል ሰው እንደተቆጡት ልጅ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ማሌሽ" አሉ ሼኹ።

ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ያዩት። የእማማን አንጓ ለቀቁ፣ መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው ተመለከቱት፣ ውዱኡ ፈርሷል። ምእመኑ መስጊድ ሞልቶ ይጠብቃል፤ የመንደሩ ቧንቧ ደግሞ እንደ ወትሮው በቀትር ደርቋል። ሥጋ ሻጩ ሱቁ ገብቶ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ፈተገ፤ የራሱን የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዞ ወጥቶም ለሼኹ ውሃ አፈሰሰላቸው። በእጃቸው፣ በፊታቸው፣ በባዶ እግራቸው ላይ ቀስ እያለ አፈሰሰ። የዚያን ቀን ጁምዓ ዘገየ፤ ያጉረመረመ ሰው አልነበረም። ድስቱ ሲወጣ ከሥጋ ሻጩ ሱቅ የመጣው አጥንት ብቻ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ሥጋ ሻጩ የጀመረውን የማይተው ሰው ነው። እሑድ፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥሎ እማማ በር ላይ መጣ። የሚያርድ ክርስቲያን ያስፈልጋል ተባለና ልብስ ሰፊው ተጠራ። ልብስ ሰፊው በዕድሜው ከክር በቀር ቆርጦ አያውቅም። እማማ ምን ማለት እንዳለበት በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በዓረብኛ እነግረዋለሁ፤ በአብ በወልድ ሲል ቢላዋው ይንቀጠቀጣል። ሥጋ ሻጩ እንዳይነካ ስለተነገረው ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ አንተ ሰውዬ ልትገለኝ ነው" እያለ ይቃጠላል። ዶሮው አንዴ አምልጦ መንደሩን አዞረን። ሴቶቹ በየመስኮቱ ሆነው በሳቅ ፈረሱ።

እማማ ዶሮውን ራሳቸው ሠሩት፤ ከደሴ በመንገደኛ እጅ የመጣችልኝን በርበሬ ሰጠኋቸው። ወጡ ሲበስል ሽታው መንደሩን ሞላው። ልብስ ሰፊው በላ፣ በርበሬው እንባውን አወረደው። ሥጋ ሻጩም በግብፅ ልማድ ምንም ሳይመስለው በላ። ከዚያ ሼኹን፣ ከበሩ ፈንጠር ብለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዳቦና ባቄላ የሚበሉትን፣ አየና ጠየቃቸው፤ የመጽሐፉ ሰዎች ያረዱት ተፈቅዷል ብለህ ያስተማርከን አንተ አይደለህም ወይ አላቸው። እኔም እንደ እሳቸው ዳቦዬን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

"እኔ መጽሐፉን ቀርቻለሁ" አሉት ሼኹ፤ "ሆዴ ግን አልቀራም።"

እማማ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሳቁ። ከመጡ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ጭልፋውን ይዘው፣ ሼኽዬ ለእርስዎ ሳላወጣልዎ መብላቱ ነው የከበደኝ፣ አንጀቴ አልችል አለ አሏቸው።

"ሽታውን ማን ከለከለኝ?" አሉ ሼኹ፤ በርጩማቸውንም ትንሽ ወደ በሩ አስጠጉ።